ሊኑክሳችሁ ሲግሩፕ 1 ነው ወይስ 2? ሳታጣሩ ምንም እንዳትነኩ!

ዛሬ ትንሽ ቴክኒካል ነገር ይዘን መጥተናል። አትፍሩ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተን የተማርነው ነገር አይደለም፤ እየነካካን፣ እያበላሸን ነው የተማርነው። ስለዚህ እኛ የገባን ነገር እናንተም ይገባችኋል።

መጀመሪያ ባለፈው ክረምት የደረሰብንን እንንገራችሁ። ይህ ፔጅ ከጀርባው አንድ ትንሽ ሰርቨር አለው፤ በየወሩ እየከፈልን የምንከራየው፣ 2 ጊጋ ራም ያለው። ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው። አንዱ ጠዋት ጠዋት ዜና የሚልክላችሁ የቴሌግራም ቦት ነው። ሌላው ዳታችሁን እንዳይበላ ብለን ቪዲዮ የሚያሳንስልን ፕሮግራም ነው። ችግሩ፣ ቪዲዮው ሲጀምር ራሙን ጠራርጎ ይወስዳል። ቦቱ ደሞ ሌሊት ላይ ድምፅ ሳያሰማ ይሞታል። ጠዋት ዜና የለም።

«ለቪዲዮው የራም ገደብ እናብጅለት» ተባባልን። አንድ የቆየ መመሪያ አገኘን። «ሜሞሪ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ግቡ፣ እዚያ ያለው ፋይል ላይ የምትፈልጉትን ገደብ ጻፉ» ይላል። ገባን፤ ፎልደሩ የለም። «ምን ችግር አለው፣ እኛው እንፍጠረው» አልንና ፈጠርነው። የሚገርመው፣ ባዶ ፎልደር ፈጥረን ስናየው ወዲያው በራሱ በፋይሎች ተሞላ! ሠራ ብለን ተደሰትን። መመሪያው ያለውን ፋይል ልንጽፍ ስንል ግን ሰርቨሩ «ፈቃድ የላችሁም» አለን። ያውም በሩት፣ ማለትም እንደ ሰርቨሩ ባለቤት ገብተን!

ወዲያው የመጣልን ሐሳብ «አከራዩ ድርጅት ቆልፎብናል» የሚል ነበር። በንዴት ደብዳቤ ጻፍንላቸው። መልስ እንኳ ሳንጠብቅ ሰርቨሩን ፎርማት አድርገን መመሪያው የተጻፈበትን አሮጌ ሲስተም ጫንን። የቦቱን ተመዝጋቢዎች ዝርዝር ባክአፕ አላደረግንም ነበር። ጠፋ። ከእናንተ መካከል «ቦቱ ዜና መላክ አቆመብኝ» ያላችሁን አላችሁ፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

በኋላ አንድ ጓደኛችን ታሪኩን ሰምቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀን፦ «ቆይ፣ ሲግሩፑ ስንተኛው ቨርዥን እንደሆነ አይታችሁ ነበር?»

አላየንም። ድርጅቱ ምንም አልቆለፈም ነበር። ይቅርታ ጠይቀን ጉዳዩን ዘጋነው።

የዛሬው ጽሑፋችን ቁም ነገር እንግዲህ ይሄ ነው፦ ሊኑክስ የትኛውን ሲግሩፕ እየተጠቀመ እንደሆነ በግምት አይታወቅም፤ ሲስተሙ ራሱ ነው የሚጠየቀው። ጥያቄው ደሞ አንድ መስመር ነው።

ሲግሩፕ ምንድን ነው?

አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ተከራይ አለ እንበል። ሮቶው አንድ፣ የመብራት ቆጣሪው አንድ። አንዱ ተከራይ ሙሉ ቀን ልብስ ሲያጥብ ሮቶው ባዶ ይሆናል፤ ሌሎቹ ማታ ፊታቸውን የሚታጠቡበት ውሃ ያጣሉ። አከራይዋ እትዬ ምን ያደርጋሉ? ለእያንዳንዱ ቤት «አንተ በቀን ይህን ያህል ባልዲ፣ አንቺ ይህን ያህል» ብለው ይመድባሉ፤ ማን ስንት እንደወሰደም ይመዘግባሉ።

ሲግሩፕ የሊኑክስ ከርነል ውስጥ ያለ ይኸው አመዳደብ ነው። ፕሮግራሞችን በቡድን ይከፍልና ለእያንዳንዱ ቡድን «ራም እስከዚህ፣ ፕሮሰሰር እስከዚህ» ብሎ ገደብ ያበጃል፣ ፍጆታውንም ይቆጥራል። ሥራው የተጀመረው በ2006 ጉግል ውስጥ ነው (የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ፖል ሜኔጅ እና ሮሂት ሴት የተባሉ ኢንጂነሮች ነበሩ የጀመሩት። በ2008 መጀመሪያ በወጣው ከርነል 2.6.24 ውስጥ ገባ። ዛሬ ዶከርም ሆነ ኩበርኔቲስ ለሚያስነሱት ለእያንዳንዱ ኮንቴይነር ገደብ የሚያበጁት በዚሁ ነው።

«እኔ ሰርቨር የለኝ፣ ምን አገባኝ?» የምትሉ ካላችሁ፣ የያዛችሁት ስልክ አንድሮይድ ከሆነ ውስጡ ያለው ሊኑክስ ከርነል ነው። ከፊት ለፊት የከፈታችሁት አፕ ፈጠን እንዲል፣ ከኋላ ያሉት ደሞ ፕሮሰሰሩን እንዳይሻሙት የሚደረገው በሲግሩፕ ነው። ከአንድሮይድ 11 ጀምሮ ደሞ ከኋላ የተቀመጡ አፖችን ሳይዘጋ ባሉበት «ማቀዝቀዝ» የሚችል አሠራር መጥቷል። እሱም የሲግሩፕ ሥራ ነው።

ታዲያ ለምን ሁለት ሆነ?

ወደ ግቢው እንመለስ። በመጀመሪያው አሠራር እትዬ ለውሃ አንድ ደብተር፣ ለመብራት ሌላ ደብተር፣ ለቆሻሻ ሌላ ደብተር ነበራቸው። በውሃው ደብተር ላይ ከላይ ቤት ጋር የተመዘገበው ልጅ በመብራቱ ደብተር ላይ ከታች ቤት ጋር ሊመዘገብ ይችላል። ደብተሮቹ አይነጋገሩም። ቨርዥን 1 እንደዚህ ነው፤ ለራም የራሱ ዛፍ፣ ለፕሮሰሰር የራሱ ዛፍ፣ ለዲስክ የራሱ ዛፍ። አንድ ፕሮግራም በእያንዳንዱ ዛፍ ላይ የተለያየ ቦታ ሊኖረው ይችላል። ነፃነት ይመስላል፤ ግን ነገሩን ያወሳስበዋል።

ቨርዥን 2 ደብተሮቹን በሙሉ ወደ አንድ ደብተር አጠቃለለ። አንድ ቤተሰብ አንድ ገጽ አለው፤ ውሃውም፣ መብራቱም፣ ቆሻሻውም እዚያው ገጽ ላይ ይጻፋል። ይህን እንደገና የማዋቀር ሥራ የመራው ቴጁን ሂዮ የተባለ የከርነል ገንቢ ነው። በመጋቢት 2016 ከወጣው ከርነል 4.5 ጀምሮ ለአገልግሎት ዝግጁ ተባለ።

ግን አሮጌውን በአንድ ቀን መጣል አይቻልም፤ ስንት ፕሮግራም በእሱ ላይ ተሠርቷል። ስለዚህ ሁለቱም ከርነሉ ውስጥ ጎን ለጎን ቆዩ። የትኛውን እንደሚያስነሳ የሚወስነው የተጫነው ሲስተም ነው። ፌዶራ 31 በ2019 መጨረሻ ላይ ቀድሞ ወደ 2 ተሻገረ። ዴቢያን 11 እና ኡቡንቱ 21.10 በ2021፣ ሬድ ሃት 9 በ2022 ተከተሉ። ኡቡንቱ 20.04 እና ሬድ ሃት 8 ግን ሲጫኑ የራም ገደብን የሚያስተዳድሩት በአሮጌው ነው።

አሁን ወደ ማጣራቱ

ትዕዛዞቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻፉት፤ እኛ አነባበባቸውን እናስቀምጣለን። እንዳትሳሳቱ ፊደሎቹን እዚህ ላይ እንቁጠርላችሁ፦

👉 ስታት፦ ኤስ፣ ቲ፣ ኤ፣ ቲ
👉 ካት፦ ሲ፣ ኤ፣ ቲ
👉 ሲስ፦ ኤስ፣ ዋይ፣ ኤስ
👉 ፕሮክ፦ ፒ፣ አር፣ ኦ፣ ሲ
👉 ሰልፍ፦ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤፍ
👉 ሲግሩፕ፦ ሲ፣ ጂ፣ አር፣ ኦ፣ ዩ፣ ፒ፤ አንድ ላይ ተያይዞ

መንገድ 1፦ አንዷ መስመር

ተርሚናል ክፈቱና ይህን ጻፉ፦

ስታት -ኤፍሲ %ቲ /ሲስ/ኤፍኤስ/ሲግሩፕ

ኤፍ እና ሲ በትንንሹ፣ ከፐርሰንት ምልክቱ ቀጥላ ያለችው ቲ ግን በትልቁ (ካፒታል) ነው የምትጻፈው። ትዕዛዙ የሚጠይቀው «ይህ ቦታ ላይ የተሰካው ፋይልሲስተም ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ነው። ምንም አይቀይርም፣ ስለዚህ በነፃነት ሞክሩት። መልሱ ከሁለት አንዱ ነው፦

👉 «ሲግሩፕ2ኤፍኤስ» ካለ፣ ቨርዥን 2 ነው። አለቀ።
👉 «ቲኤምፒኤፍኤስ» ካለ፣ ቨርዥን 1 ነው፤ ወይም ቅይጥ ነው።

ቅይጥ ሲባል ምንድን ነው? አንዳንድ ሲስተም፣ ለምሳሌ ኡቡንቱ 20.04፣ የአሮጌውን ደብተሮች እንዳሉ አስቀምጦ አዲሱንም «ዩኒፋይድ» በሚባል ፎልደር ስር ከጎን ያስነሳዋል። /ሲስ/ኤፍኤስ/ሲግሩፕ ውስጥ ያን ፎልደር ካያችሁ ቅይጥ ነው። እዚህ ላይ አትሸወዱ፤ በዚህ ዓይነት ቅይጥ ላይ የራምና የፕሮሰሰር ገደብ የሚጻፈው አሁንም በቨርዥን 1 ደብተር ነው። ገደብ ለማበጀት ከሆነ የመጣችሁት፣ እንደ ቨርዥን 1 ቁጠሩት።

መንገድ 2፦ ማረጋገጫ

ካት /ፕሮክ/ሰልፍ/ሲግሩፕ

ይሄኛው «እኔ ራሴ የተመዘገብኩት የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ አንድ መስመር ብቻ ሆኖ በ 0:: ከጀመረ፣ ቨርዥን 2 ነው። ብዙ መስመር ከመጣና በየመስመሩ «ሜሞሪ»፣ «ሲፒዩ» የሚል ስም ካለ፣ ቨርዥን 1 አለበት። 0:: የሚል መስመር ማየት ብቻውን አይበቃም፤ ቅይጥ ላይም ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ ይመጣልና። ብቻውን መሆኑን እዩ።

መንገድ 3፦ ዶከር ካላችሁ

«ዶከር ኢንፎ» ብላችሁ ስታዙት ከሚዘረዝራቸው ነገሮች መካከል «ሲግሩፕ ቨርዥን» የሚል መስመር አለ። አጠገቡ 1 ወይም 2 ይላል። ዶከር ቨርዥን 2ን መደገፍ የጀመረው በ2020 መጨረሻ ከወጣው 20.10 ጀምሮ ነው።

ሰው የሚሸወድባቸው አራት ነገሮች

አንደኛ፣ «ይችላል» እና «እየተጠቀመ ነው» ይለያያሉ። ብዙ ሰው /ፕሮክ/ፋይልሲስተምስ የሚባለውን ፋይል ከፍቶ እዚያ ላይ ሲግሩፕ2 የሚል ስም ሲያይ «በቃ 2 ነው» ይላል። ያ ፋይል የሚናገረው ከርነሉ ምን ምን እንደሚያውቅ ነው፤ የትኛው እንደተሰካ አይናገርም። አንድ ሰው መንጃ ፈቃድ ስላለው አሁን እየነዳ ነው ማለት አይደለም። ሁለቱም ስሞች እዚያ ተጽፈው፣ እየሠራ ያለው ግን አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ የሲስተሙ ስም ዋስትና አይሆንም። «ኡቡንቱ 22.04 ስለሆነ 2 ነው» ማለት ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ግን ሲስተሙ ሲነሳ በሚሰጠው ትዕዛዝ ወደ 1 መመለስ ይቻል ነበር፤ ከእናንተ በፊት ሰርቨሩን የያዘ ሰው አሮጌ ፕሮግራም እንዲሠራለት ብሎ ይህን አድርጎ ሊሆን ይችላል። ስሙን ሳይሆን ሲስተሙን ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ኮንቴይነር የራሱ ከርነል የለውም። ኮንቴይነራችሁ ውስጥ ያለው ኡቡንቱ 20.04 ቢሆንም፣ የሚሠራበት ማሽን ቨርዥን 2 ከሆነ ኮንቴይነሩም በ2 ነው የሚተዳደረው። ተከራይ የፈለገውን መጋረጃ ይሰቅላል፤ ቆጣሪው ግን የግቢው ነው።

አራተኛ፣ «ሜሞሪ» የሚል ፎልደር ማየት ምንም ማረጋገጫ አይሆንም። የኛ ጉድ እዚህ ላይ ነው። ቨርዥን 2 ላይ /ሲስ/ኤፍኤስ/ሲግሩፕ ውስጥ ፎልደር ስትፈጥሩ ተራ ፎልደር አይደለም የምትፈጥሩት፤ አዲስ ቡድን ነው የምትመሠርቱት። ከርነሉም ለአዲሱ ቡድን የሚያስፈልጉትን ፋይሎች ራሱ ያስቀምጥለታል። እኛ «ሜሞሪ» ብለን የፈጠርነው ነገር፣ ስሙ ሜሞሪ የሆነ አንድ ባዶ ቡድን ነበር። መመሪያው የሚለው ፋይል ደሞ ቨርዥን 2 ላይ የሚባል ነገር የለም። እዚያ ቦታ ላይ አዲስ ፋይል መፍጠር ለሩትም ቢሆን አይፈቀድም፤ «ፈቃድ የላችሁም» ያለን ለዚህ ነው። የቆለፈብን ሰው አልነበረም።

ከዚህ የባሰው፣ አንዳንድ አሮጌ ስክሪፕት ቨርዥኑን የሚለየው «ሜሞሪ የሚል ፎልደር አለ ወይስ የለም?» ብሎ ነው። እንደኛ በስህተት የፈጠረ ሰው ሰርቨር ላይ ያ ስክሪፕት «ቨርዥን 1 ነው» ብሎ ይሳሳታል። እንዲህ የፈጠራችሁት ካለ «አርኤምዲር» በሚለው የፎልደር ማጥፊያ ትዕዛዝ አጥፉት። ውስጡ ያሉትን ፋይሎች አንድ በአንድ ለማጥፋት አትድከሙ፣ አይጠፉም፤ ቡድኑ ባዶ ከሆነ ፎልደሩ ሲሰረዝ አብረው ይሄዳሉ።

ካወቅን በኋላስ?

ያው ቋንቋው ይለያያል። ራም ለመገደብ ቨርዥን 1 ላይ ፋይሉ «ሜሞሪ.ሊሚት_ኢን_ባይትስ» ነው የሚባለው፤ ቨርዥን 2 ላይ «ሜሞሪ.ማክስ»። ገደብ ከሌለ ቨርዥን 1 በጣም ረጅም ቁጥር ያሳያችኋል፤ ቨርዥን 2 በቀላሉ «ማክስ» ይላችኋል። ፕሮሰሰር ላይ ቨርዥን 1 ገደቡን ለሁለት ፋይል ከፍሎ ያስቀምጣል። ቨርዥን 2 «ሲፒዩ.ማክስ» በሚል አንድ ፋይል ላይ ሁለት ቁጥር ይጽፋል። ለምሳሌ 50000 እና 100000 ከሆነ፣ ከ100000 ማይክሮሰከንድ ውስጥ 50000ውን ብቻ ተጠቀም ማለት ነው፤ የአንድ ፕሮሰሰር ግማሽ።

ይሄ የሥራ ጉዳይም ነው። ጃቫን እንውሰድ። ጃቫ ስንት ራም መያዝ እንደምትችል የምትወስነው ሲግሩፕን አንብባ ነው። ቨርዥን 2ን ማንበብ የጀመረችው ከጃቫ 15 ነው፤ በኋላ ወደ 11.0.16 እና ወደ ጃቫ 8 አፕዴት 372 ተመልሶ ተጨመረላቸው። ከዚያ ያነሰ ቨርዥን ቨርዥን 2 ማሽን ላይ ስታስነሱ ገደቡን አታየውም። ማሽኑ 16 ጊጋ፣ የኮንቴይነሩ ገደብ 1 ጊጋ ቢሆን፣ ጃቫ 16ቱ ሁሉ የኔ ነው ብላ ሩቡን፣ ማለትም 4 ጊጋ፣ ልትይዝ ትነሳለች። 1 ጊጋን ስታልፍ ከርነሉ ይገድላታል። ዶከር ላይ የምታዩት 137 የሚል ቁጥር ብቻ ነው። ኮዱ ውስጥ ስህተት ስትፈልጉ ልታድሩ ትችላላችሁ፤ ኮዱ ግን ምንም አልሆነም። የማሽኑ ሲስተም ሲታደስ ሲግሩፑ ከ1 ወደ 2 ስለተቀየረ ነው።

እኛ በመጨረሻ እንዴት ፈታነው? ፋይሎቹን በእጃችን መንካት ተውን። ሰርቨሩ ሲስተምዲ ስላለው፣ የቪዲዮው ሰርቪስ ፋይል ላይ «ሜሞሪማክስ=700ኤም» የሚል አንድ መስመር ጨመርን፣ ሲስተምዲ ፋይሉን እንደገና እንዲያነብ አዘዝን፣ ሰርቪሱን መልሰን አስነሳነው። የሲግሩፕ ፋይሎቹን እየለየ የሚጽፈው ሲስተምዲ ራሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ቪዲዮው ገደቡን ካለፈ የሚሞተው እሱ ነው፤ ቦቱ አይነካም።

ስልካችሁ ላይ መሞከር ለምትፈልጉ

ሰርቨር የሌላችሁ ተርመክስ የሚባለውን የተርሚናል አፕ ጫኑና መንገድ 2ን ሞክሩ። ሩት ማድረግ አያስፈልግም። ብዙ ስልክ ላይ የምታገኙት ቅይጥ መልስ ነው፤ «ሲፒዩሴት» የሚል የአሮጌው መስመር አለ፣ 0:: የሚልም አለ። አንድሮይድ ሁለቱን አብሮ ስለሚጠቀም ነው። «የሲስተሙ ስም አይበቃም» ያልነውን በእጃችሁ በያዛችሁት ስልክ ማየት ትችላላችሁ።

ወዴት እየሄደ ነው?

ቨርዥን 1 እየወጣ ነው። በ2024 የወጣው ሲስተምዲ 256 በቨርዥን 1 መነሳትን በራሱ ፈቃድ ማቆም ጀመረ፤ በ2025 የወጣው 258 ደሞ ድጋፉን ጭራሽ አነሳው። ኩበርኔቲስም ከ1.31 ጀምሮ ለቨርዥን 1 አዲስ ነገር እንደማይጨምር አሳውቋል። አዲስ ነገር የምትጀምሩ ከሆነ በ2 ጀምሩ። ግን ያልታደሰ ስንት ሰርቨር አለ፣ ስንት የቆየ መመሪያም አለ። ስለዚህ ማንኛውንም መመሪያ ከመከተላችሁ በፊት ያቺን አንድ መስመር አስቀድሙ።

እና ባክአፕ! ባክአፕ አድርጉ። ይሄን የምንለው ከልባችን ነው።

የቦቱን ዝርዝር ያጣንባችሁ ተከታታዮቻችን፣ ቦቱን ከፍታችሁ «ጀምር» የምትለዋን አንድ ጊዜ ብትነኩ ትመለሳላችሁ። የናንተ ሰርቨር ወይም ስልክ ምን እንዳለ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ 1፣ 2 ወይስ ቅይጥ? ሰርቨር ለሚነካካ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት፤ ፎርማት ከማድረጉ በፊት ይድረሰው።